ዘር ከልጓም ይስባል? አባቱ ሰው የገደለ ልጅ እያሳደግኩ ነው

የአቡሽ አክስት
ሰላም ቤተሰብ። ሁሌም አንባቢ ብቻ ነኝ። ዛሬ ግን ሆዴ ስለተቃጠለ ጻፍኩ።

የወንድሜን ልጅ ነው የማሳድገው። አቡሽ እንበለው። ሰባት ዓመቱን ይዟል። አባቱ፣ ማለትም ወንድሜ፣ አቡሽ ገና ዳዴ ሲል ግሮሰሪ ውስጥ በተነሳ ጠብ ሰው ገደለ። አሁን ማረሚያ ቤት ነው። እናቱ ዓረብ አገር ናት።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ተጠራሁ። አቡሽ እርሳሱን የቀማውን ልጅ ገፍትሮት ልጁ ከደረጃ ወድቋል። ክንዱ ተላልጧል፣ ሌላ የከፋ ነገር የለም። ይቅርታ ጠየቅን። የልጁ እናት ቤት ድረስ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። እስከዚህ ደህና ነው። ግን ከቢሮ ስንወጣ አንዷ መምህርት ለጓደኛዋ "ምን ይደረግ፣ ዘር ከልጓም ይስባል" ስትል ሰማሁ። ቀስ ብላ ያወራች መስሏታል። ታክሲ ውስጥ አቡሽ "እትዬ፣ ልጓም ምንድነው?" አለኝ። ፈረስ አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና "እና እኔ ፈረስ ነኝ?" አለኝ።

ማታ ስልኬን ከፈትኩ፣ ባልከፍተው ይሻለኝ ነበር። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰውዬ ስለ "ጦረኛው ጂን" ያወራል። ከወላጅ የሚወረስ የገዳዮች ጂን ነው አለ። ከዚያ ሁለት የአንጎል ፎቶ አሳየ። የጤነኛው ቀይና ቢጫ፣ የነፍሰ ገዳዩ ሰማያዊ። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አቡሽ የቤት ሥራ ሲሠራ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ልክ እንደ ወንድሜ። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳየው እደነግጣለሁ።

ሳይንሱን የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ። ማጽናኛ አልፈልግም። ምርመራስ አለው?

ቀጨኔ 07
እህቴ አይክፋሽና አበው ዝም ብለው አልተናገሩም። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው "የማን ልጅ ነው?" አይደል እንዴ? ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይላል መጽሐፉም። ፈረንጁ አሁን ነው የደረሰበት። ልጁን ጠበቅ አድርገሽ ያዥው። በቃ።

እማማ ዘነበች
መጽሐፉን ካነሳኸው ሕዝቅኤል 18ንም ግለጠው ልጄ። ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። የምትወደውን ብቻ እየመረጥክ አታንብብ።

የማታ ተረኛ
ሐኪም ነኝ። ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍሉም ቀዝቀዝ ብሏል። ስለዚህ ረዘም ላድርገው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የጦረኛው ጂን ታሪክ የሚጀምረው ሆላንድ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት የዘመዶቿ ወንዶች ነገር አሳስቧት ሐኪም ዘንድ ሄደች። አንዱ ቤት አቃጥሏል፣ አንዱ አለቃውን በመኪና ሊገጭ ሞክሯል፣ አንዱ እህቱን ደፍሯል። ሁሉም የአእምሮ እድገታቸው ዘገም ያለ ነው። ሃን ብሩነር የሚባል የዘር ሕክምና ባለሙያና ባልደረቦቹ ደማቸውን መርምረው በ1993 ውጤቱን አወጡ። ኤም.ኤ.ኦ.ኤ የሚባለው ጂናቸው ጨርሶ አይሠራም። ይህ ጂን ሴሮቶኒንንና ዶፓሚንን የመሳሰሉ የአንጎል ቅመሞች ሥራቸውን ሲጨርሱ የሚያጸዳውን ኢንዛይም የሚሠራ ነው። ጽዳቱ ሲቆም አንጎል ይታወካል። ግን እንዲህ ጨርሶ የተበላሸበት ቤተሰብ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው።

ዩቲዩበሩ የሚያወራው ስለዚህ አይደለም። ስለ ሌላ፣ በጣም ተራ ስለሆነ ነገር ነው። ይኸው ጂን ደካማና ጠንካራ ዓይነት አለው። ሁለቱም ይሠራሉ። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ በ1972 እና 73 የተወለዱ ከ1,000 በላይ ልጆችን እስከ ጉልምስና የተከታተለ ጥናት አለ። በ2002 ከነሱ መካከል የ442 ወንዶች ውጤት ወጣ። ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ደካማውን ዓይነት ይዘዋል። ሲሶ የሚሆነው ወንድ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን ዱኒዲን ከተማ ሆና አትቀጥልም ነበር!

ልዩነት የታየው የት ላይ ነው? ደካማውን ይዘው በልጅነታቸው ደግሞ ክፉኛ የተደበደቡና የተበደሉ ልጆች ላይ። እነዚህ ከሁሉም 12 በመቶ ብቻ ሆነው ከጥቃት ወንጀል ፍርዶች 44 በመቶው የነሱ ነበር። ደካማውን ጂን ይዘው በደህና ቤት ያደጉት ግን ከሌላው አልተለዩም። ጥናቱ በሌሎች አገሮች ሲደገም አንዱ አግኝቶታል፣ ሌላው አላገኘውም። ስለዚህ ይህንንም እንደ ሃይማኖት አትያዙት።

እህቴ፣ አሁን ዋናው ነገር። ይህ ጂን የሚቀመጠው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፣ ክሮሞዞም ማለት ጂኖችን የሚሸከም ክር ነው። ወንድ ልጅ ኤክስ የሚወስደው ከእናቱ ብቻ ነው። ከአባቱ የሚመጣለት ዋይ ነው። ወንድምሽ ያንን ጂን ቢይዘው እንኳ ለአቡሽ ሊያወርሰው አይችልም። መምህርቷ ፈረሱንም ልጓሙንም ስታለች።

የአቡሽ አክስት
ዶክተር ይህን አረፍተ ነገር አራት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ። እሺ ይሄኛው ጂን ቀረ። ሌሎች ጂኖችስ? ምርመራውን ባሠራውስ?

የማታ ተረኛ
አታሠሪ። የወንጀል ጂን የሚባል አንድ ነገር የለም። ቁጣን፣ ችኩልነትን፣ ትኩረትን ትንሽ ትንሽ የሚነኩ ጂኖች እጅግ ብዙ ናቸው። እያንዳንዳቸው ኢምንት ናቸው። ስለ አቡሽ የሚነግርሽ ላቦራቶሪ የለም። ነግሬሻለሁ የሚል ካለ ብሩን ፈልጎ ነው።

ይልቅ የምጠይቅሽ አለኝ። ራሱን ተመትቶ ያውቃል? ራሱን ስቶ፣ ተንቀጥቅጦ ያውቃል? ማታ በደንብ ይተኛል? ጆሮውና ዓይኑ ታይቷል? ሰባት ዓመት ልጅ ሲገፈትር መጀመሪያ የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

ቀጨኔ 07
ዶክተር፣ ጂኑን ተወው እሺ። አንጎልስ? በ1966 ቴክሳስ፣ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ ማማ ላይ ወጥቶ ሰው የፈጀው ቻርልስ ዊትማን ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ተገኝቷል። ራሱም አስከሬኔን መርምሩ ብሎ ጽፎ ነበር። ይሄ አንጎሉ አይደለም ያስገደለው? ታዲያ የሰው ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ችሎት ቋንቋ
ቨርጂኒያ ውስጥ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ጠበቆች ሲከራከሩ ብዙ ስለሰማሁ ልግባበት።

የዊትማን ነገር እንዳልከው ነው፣ ግን ግማሹን ነው ያልከው። 25 ዓመቱ ነበር፣ የቀድሞ የባሕር ኃይል ወታደር። በዋዜማው ሌሊት እናቱንና ሚስቱን ገደለ። በጻፈው ደብዳቤ ላይ ራሱን እንደማያውቀው፣ ከሞተ በኋላ እንዲመረመር ገለጸ። ዕጢውም ተገኘ። የቴክሳሱ አገረ ገዢ ባለሙያ ሰብስቦ አስጠና። ያሉት ምን መሰለህ? ዕጢው ስሜቱን መቆጣጠር እንዳይችል አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል፣ ግን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሌላው ግማሽ ደግሞ ይኸውልህ። አባቱ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ነበር። እሱም ሚስቱን መትቷል። ከወራት በፊት ለዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም ማማው ላይ ወጥቼ ሰው ልተኩስ እያልኩ አስባለሁ ብሎት ነበር። በዕለቱ ጠዋት መሣሪያ ገዝቷል፣ ምግብና ውኃ በሣጥን ጭኗል። ዕጢ ስንቅ አያዘጋጅም።

እኔን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ እዚሁ እኛ ግዛት የሆነው ነው። አንድ የ40 ዓመት መምህር፣ ከዚያ በፊት ነውር ያልተገኘበት፣ በድንገት ሕፃናት ላይ ያነጣጠረ ወሲባዊ ስሜት ያድርበት ጀመር። ተከሰሰ፣ ጥፋተኛ ተባለ። እስር ሊወሰንበት አንድ ሌሊት ሲቀረው ራሴን አመመኝ ብሎ ሆስፒታል ሄደ። ከዓይን በላይ ያለውን የአንጎል ክፍል ትልቅ ዕጢ ተጭኖት ተገኘ። ዕጢው ሲወጣ ስሜቱም ጠፋ። ከወራት በኋላ ስሜቱ ተመለሰ። ሲታይ ዕጢው መልሶ በቅሏል። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ተወው። ሐኪሞቹ በ2003 ጽፈውታል። ይሄን ሳነብ አፌን ይዤ ነው የቀረሁት። ግን ሰውየው ራሱ ሥራው ነውር መሆኑን እያወቀ ይደብቅ ነበር። ማወቁ አልጠፋም፣ ፍሬኑ ነው የጠፋው።

እዚህ ጋ ሙያዬ ይገባል። አንዴ ተከሳሹ በአማርኛ "ራሴን አልገዛሁም" አለ። ተረጎምኩት። ጠበቃው ዕረፍት ላይ ጠራኝና "አልቻልኩም ነው ያለው ወይስ አላደረግኩም?" አለኝ። አላደረግኩም ነው አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ለካ ሙሉ መከላከያው በአንዲት ግስ ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ሰነድ አገላባጭ
ችሎት ቋንቋ የእኛንም ሕግ ተናገርሽልን። አዲስ አበባ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 48 በትክክል ያንን ነው የሚጠይቀው። በድርጊቱ ጊዜ ሰውየው የሥራውን ምንነት መረዳት ወይም ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ነበር ወይ? ጨርሶ ካቃተው አይቀጣም፣ ግን ሕክምናና ጥበቃ ሊታዘዝበት ይችላል። አንቀጽ 49 ደግሞ በከፊል ላቃተው ነው፣ ቅጣቱ ይቀንሳል። ዳኛው ሲጠራጠር በአንቀጽ 51 መሠረት የባለሙያ አስተያየት ያዛል። እዚህ ከተማ አማኑኤል ሆስፒታል ተልኮ የሚመረመር ተከሳሽ አለ። ሐኪሙ ስለ ጤናው ይናገራል። ተጠያቂ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤቱ ነው።

ስለዚህ "አንጎሉ ነው ያደረገው" የሚለው ብቻውን ለዳኛ ምንም አይለውም። ሁሉንም ነገር የሚያደርገው አንጎላችን ነው፣ ይሄን መልስ ስጽፍም ጭምር። ጥያቄው ያ አንጎል በዚያች ሰዓት ምን አቃተው ነው። ጂን ይዞ የመጣ ተከሳሽ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢመጣም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ቀጨኔ 07
ውጭ አገር ግን በጂን ቅጣት የተቀነሰለት አለ። አንብቤያለሁ።

ችሎት ቋንቋ
አለ። ጣሊያን። አንድ አልጄሪያዊ ዓይኑን ኩል ተኩሎ ሲሄድ ሰዎች አላገጡበት፣ ተደባደቡ። በኋላ ኮሎምቢያዊ ሰው በቢላ ወግቶ ገደለ። በ2007 ነው። መጀመሪያም የአእምሮ ሕመሙ ታይቶለት 9 ዓመት ከ2 ወር ተፈረደበት። በ2009 ትሪዬስቴ ላይ ይግባኝ ሲል ጂኑ ተመረመረ። ያው ደካማው ኤም.ኤ.ኦ.ኤ ተገኘበትና አንድ ዓመት ተቀነሰለት።

ግን ከመደሰትህ በፊት ይሄን ስማ። በዚያው በ2009 አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ የአንድ ገዳይ ጠበቆች የአንጎሉን ምርመራ አቀረቡ። የሰው ስቃይ አይሰማውም፣ ሳይኮፓት ነው፣ አንጎሉ እንዲህ ነው አሉ። ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ሰምተው ሞት ፈረዱበት። አንዱ ዳኛ "ያልመረጠውን አንጎል ይዞ ነው" ይላል፣ ሌላው "እንግዲያው መቼም አይድንም" ይላል። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት 181 የአሜሪካ ዳኞች አንድ የፈጠራ መዝገብ እንዲያዩ አድርጎ ነበር። ስለ አንጎሉ ማብራሪያ የተሰጣቸው በአማካይ ወደ 13 ዓመት ፈረዱ፣ ያልተሰጣቸው ወደ 14። ስለ አንጎል የተነገረው ሁሉ አንድ ዓመት ነው የቀነሰው። ማስረጃው ሁለት ስለት ያለው ቢላ ነው። ደንበኛዬን ያድነዋል ብሎ የሚያወጣው ጠበቃ ጣቱን ይጠብቅ።

ቶሪኖ
ከጣሊያን ሰላምታ። አገሩ ከተነሳማ የሎምብሮሶን ሙዚየም ሳልነግራችሁ አላልፍም። የምኖርበት ከተማ ነው ያለው። ቼዛሬ ሎምብሮሶ ሐኪም ነበር። ከደቡብ፣ ከካላብሪያ የመጣ ቪሌላ የሚባል እስረኛ ሲሞት የራስ ቅሉን ከፍቶ ከበስተጀርባ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር አገኘ። "ይሄ እንስሳ ላይ ነው ያለው! ወንጀለኛ ማለት ወደ አውሬነት የተመለሰ ሰው ነው!" አለ። በ1876 መጽሐፉን አወጣ። ትልቅ መንጋጋ፣ ረጅም ክንድ፣ ትልቅና ወደ ውጭ የወጣ ጆሮ ያለው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። እኔ ጆሮዬ ትልቅ ነው፣ እዚያ ዘመን ብወለድ አልቆልኝ ነበር።

ሙዚየሙ ውስጥ የራስ ቅል በራስ ቅል ላይ ተደርድሯል። የእስረኞች የሰም ፊት አለ። አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ ሙሉ አጽም ቆሟል። የማን መሰላችሁ? የሎምብሮሶ የራሱ። በ1909 ሲሞት ለሳይንስ ትቶት ነው። ፊቱ ቆሜ አየሁት። የማንም ሰው አጽም ይመስላል።

የቪሌላ የትውልድ መንደር ቅሉ ተመልሶ ይቀበር ብላ ሙዚየሙን ከስሳ ነበር። በመጨረሻ ሙዚየሙ ረታ። የአንድ ደቡብ ጣሊያናዊ ቅል ይዘው ነው እንግዲህ ስለ ሙሉ ደቡብ ያወሩት። ኒውዚላንድም በ2006 ጦረኛው ጂን በማኦሪዎች፣ በአገሩ ነባር ሕዝብ ላይ ይበዛል የሚል ነገር ተነስቶ አገር ተቀይሟል። "የእገሌ ዘር እንዲህ ነው" የሚለው ወሬ ወዴት እንደሚወስድ እኛ አገር ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያሻኝም።

የማታ ተረኛ
ቶሪኖ 👏

አክስት፣ ስለ ሰማያዊው አንጎል ሳልመልስልሽ። ያ ምስል ኤድሪያን ሬይን ከሚባል የወንጀለኞችን አንጎል ከሚያጠና ተመራማሪ ሥራ የተወሰደ ወይም ያንን የሚመስል ነው። በ1997 አእምሯችን ታውኳል ብለው የተከራከሩ 41 ገዳዮችን ከ41 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። በአማካይ የገዳዮቹ የፊት አንጎል ሥራው ቀዝቀዝ ያለ ነው። በአማካይ! ቀለሙን ደግሞ አንጎሉ አይደለም የሚቀባው፣ ኮምፒውተሩ ነው። ጄምስ ፋለን የሚባል የካሊፎርኒያ የአንጎል ተመራማሪ የገዳዮችን ምስል በሚያጠናበት ጊዜ ከራሱ ቤተሰብ የአንጎል ምስሎች መካከል አንዱ የለየለት ሳይኮፓት የሚመስል ሆኖ አገኘው። የማን እንደሆነ ሲያጣራ የራሱ ነበር። ሚስትና ልጆች ያሉት ፕሮፌሰር ነበር።

ቀጨኔ፣ ላንተም አንድ ላስቀምጥ፣ ፍትሐዊ ለመሆን። ዘር ምንም የለበትም አላልኩም። ዴንማርክ ውስጥ ከ14,000 በላይ በማደጎ የተሰጡ ልጆች መዝገብ ተፈትሾ በ1984 ወጥቷል። ወላጁም አሳዳጊውም ካልተፈረደባቸው፣ ከወንዶቹ ልጆች 13.5 በመቶ ተፈርዶባቸዋል። ወላጅ ብቻ የተፈረደበት ከሆነ 20 በመቶ። ሁለቱም ከሆኑ 24.5። ስለዚህ ዘር ትንሽ ይስባል። ግን 20 በመቶ ማለት ከአምስቱ አራቱ ምንም አልሆኑም ማለት ነው። ደግሞ ግንኙነቱ የታየው በስርቆትና በመሳሰሉት የንብረት ወንጀሎች ነው። በጥቃት ወንጀል አልታየም።

ቀጨኔ 07
ከአምስት አራቱ እንግዲህ... እሺ ተቀብያለሁ። ያ ነብርም ይቅር። ግን ልጁን ጠበቅ አድርጊው ያልኩት አሁንም አለ።

ስም አያስፈልግም
ይሄን ክር ከጠዋት ጀምሮ ስከታተል ነበር። እኔ የአቡሽ ዓይነት ልጅ ነኝ። አሁን 34 ዓመቴ ነው። አባቴ በመሬት ጠብ ሰው ገድሎ እስር ቤት ሞተ።

ጂን ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። የማውቀውን ልንገርሽ። ኳስ ሜዳ ላይ ሌላ ልጅ ሲማታ "ተጣሉ" ይባላል። እኔ ስማታ "ጀመረው" ይባላል። አንድ ጎረቤታችን ቢላ እጄ ላይ ካየች ሽንኩርት እየላጥኩ እንኳ ቢሆን ትቀማኝ ነበር። 12 ዓመት ሲሆነኝ እኔም አመንኩ። መስታወት ፊት ቆሜ መቼ ነው የሚጀምረኝ እያልኩ እጠብቅ ነበር። ስቆጣ እንደ ሰው አልቆጣም ነበር፣ ፈርቼ ክፍል ዘግቼ እቀመጥ ነበር። ሚስቴን ሳጭ ሽማግሌዎቹ ሁለቴ ተመልሰዋል። በሦስተኛው ነው የተሳካው።

ቀጨኔ፣ "ጠበቅ አድርጊው" ስትል እኔን ያደረጉኝ ትዝ አለኝ። ክፋት እንደሌለህ አውቃለሁ። ልጁ ግን ጠበቅ የተደረገበትን ምክንያት ያውቀዋል። ስለ ልጓም ጠይቋል እኮ።

ቀጨኔ 07
ወንድሜ ይቅርታህን። እውነቴን ነው።

የአቡሽ አክስት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስም አያስፈልግም፣ ያንተን ሳነብ አልቅሻለሁ።

መምህርቷን ትናንት አናገርኳት። ለጠብ አልሄድኩም። ስለ ኤክስና ዋዩ የተጻፈውን ከስልኬ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ "እኔ እኮ ተረት ነው የተናገርኩት" አለች። አቡሽ ግን ተረት መሆኑን አላወቀም አልኳት። ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጪው አልኩና ወጣሁ።

ለምን ከፊት መሰላችሁ? ዶክተር ዓይኑ ታይቷል ወይ ስላልከኝ ማክሰኞ ወሰድኩት። ልጁ ለካ ሰሌዳው አይታየውም። ያኛው ልጅ እርሳስ የቀማውም አቡሽ ከደብተሩ ላይ ሲገለብጥበት ነው አሉ። መነጽር ታዞለታል፣ ሰማያዊ ፍሬም መረጠ። የዓይን ሐኪሟ "ከቤተሰብ ሩቅ የማይታየው ሰው አለ? አንዳንዴ ይወረሳል" አለችኝ። የለም ልላት ነበር። ከዚያ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ሲያይ ዓይኑን ጨፈን፣ ግንባሩን ቁጥር ያደርጋል። ሠፈር ውስጥ ሁሉም ሲፈራው ነው ያደገው። ቁጡ ነው እንል ነበር። ዓይኑን አንድ ቀን አስመርምረነው አናውቅም።

እሑድ ልጠይቀው እሄዳለሁ። እዚያ ውስጥ መነጽር ማስገባት ይቻል እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።